የአቶ ከፋለ ጥሩሰው የሕይወት ታሪክና በአቀበቱ ላይ የፈሰሰው ውሃ

አቶ ከፋለ ጥሩሰው ከአባታቸው ከአቶ ጥሩሰው ካሴና ከእናታቸው ከወይዘሮ አመተ ጊዮርጊስ ሞላ በላስታ፣ በገነተ ማርያም አጥቢያ፣ ጥር 18 ቀን 1949 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው በበቅሎ እህልና ጨው እያመላለሱ የሚተዳደሩ ሰው ስለነበሩ፣ አቶ ከፋለ ፊደል ሳይቆጥሩ ጭነት ማጥበቅ ለመዱ። አቶ ጥሩሰው ልጃቸውን የገረፉት በዕድሜያቸው አንድ ቀን ብቻ ነው ይባላል፤ እሱም አቶ ከፋለ አቀበት ወጥታ በላብ የተጠመቀችን በቅሎ፣ ትንፋሿ ሳይመለስ ውሃ ያጠጡ ዕለት ነው። በቅሎዪቱ ታማ ከረመች፤ አቶ ከፋለም ግርፋቱን እስከ ሽምግልናቸው ድረስ እየሳቁ ያወሩት ነበር።

ይህን ታሪክ የጻፈችው የመጀመሪያ ልጃቸው ማኅሌት ናት። አስቀድማ የጻፈችው ግን ሌላ ነበር፤ አባቷን ደግ፣ ታታሪና ነቀፋ የሌለባቸው አድርጋ። አቶ ከፋለ አልጋቸው ላይ ሆነው አስነብበው ሰሙትና፣ «ልጄ፣ ይህ ደግ ሰውዬ ማን ነው? ለቅሶውን ልድረስ» አሉ። ቀጥለውም የቀድሞ ጎረቤታቸው የአቶ ሀሰን ነገር ካልገባበት በቀብራቸው ላይ እንዳይነበብ አዘዙ። ወንድማቸው አቶ ደሴ፣ «ሙት ወቃሽ አያድርገን! የገዛ አባትሽን በቀብሩ ቀን ልታዋርጂው ነው?» ብለው ማኅሌትን ተቆጥተዋታል። ነገር ግን ወቃሹ ራሳቸው ሟች ናቸውና የሟች ቃል ተፈጽሟል። አቶ ሀሰንም በኑዛዜው መሠረት ከጋሸና ተጠርተው ከመካከላችን ቆመዋል።

አቶ ከፋለ እስከ ስምንተኛ ክፍል በላሊበላ ተምረዋል። በ1979 ዓ.ም. ከወይዘሮ ሰርካለም ጋር በሥርዓተ ተክሊል ጋብቻ ፈጽመው ሦስት ልጆች አፍርተዋል። በ1984 ዓ.ም. በአካባቢው ባለ አንድ የጤና መሥሪያ ቤት በጥበቃ ተቀጠሩ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ መንጃ ፈቃድ አውጥተው የሞተር ብስክሌት አሽከርካሪ ሆኑ። መኪና በማይገባበት ገደልና ተረተር ሁሉ ክትባት በበረዶ ሣጥን አድርገው የሚያደርሱት እሳቸው ነበሩ። ከሩቅ የሞተራቸው ድምፅ ሲሰማ እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ይወጡ ነበር።

የመሥሪያ ቤቱን ሞተሮች የሚጠግኑት አቶ ሀሰን ነበሩ። ሁለቱ ጎረቤት፣ በዓል የሚጠራሩ፣ ሠርግና ለቅሶ አብረው የሚውሉ ሰዎች ነበሩ። በላስታ መንገድ ላይ ሞተር የሚገድለው ሙቀት መሆኑን ለአቶ ከፋለ ያስተማሯቸውም እሳቸው ናቸው። እንዲህ ያለው ሞተር የሚበርደው ሲሊንደሩን በከበቡት ቀጫጭን የብረት ክንፎች መካከል በሚያልፍ ነፋስ ነው። አቀበቱን በአንደኛ ማርሽ ቀስ ብሎ ሲወጣ ነፋሱ ያንሳል፤ በክረምት ደግሞ ጭቃው ክንፎቹን ይደፍናቸዋል። ከዚያ ጉልበቱ ይከዳል፤ የተቃጠለ ዘይት ይሸታል።

ሰኔ 14 ቀን 1993 ዓ.ም. ከይምርሐነ ክርስቶስ ማዶ ባለ አንድ ቀበሌ ኩፍኝ ገብቶ ነበርና አቶ ከፋለ ክትባት ጭነው እንዲሄዱ ታዘዙ። አቶ ሀሰን በማለዳ መጥተው ዘይቱን ለኩ፤ በክንፎቹ መካከል የደረቀውን ጭቃ በእንጨት ጠርገው አወጡ። ከዚያ፣ «ከፋለ ወንድሜ፣ ሽታው ከመጣ ቁም። ጭቃውን አራግፍ፣ ፊቱን ወደ ነፋስ አዙረው፣ እጅህ እስኪችለው ጠብቅ። ውሃ እንዳታስነካው፤ ወላሂ ይሰነጠቃል» አሏቸው። አቶ ከፋለም «ለበቅሎ ነጂ ልጅ ነው ይህን የምትነግረው?» ብለው ቀልደው ወጡ።

አቀበቱ አጋማሽ ላይ ሽታው መጣ። አቶ ከፋለ ቆሙ፤ ጭቃውን አራገፉ፤ ሞተሩን ወደ ነፋስ አዞሩ። እስከዚህ ድረስ የታዘዙትን አደረጉ። ነገር ግን ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ ላይ ጥቁር ደመና እየወረደ ነበር። ከፊታቸው ያለው ወንዝ ከሞላ እስከ ማግስቱ አያሻግርም፤ በሣጥኑ ውስጥ ያለው በረዶም እስከ ማግስቱ ቀትር አይቆይም። እጃቸውን ወደ ሲሊንደሩ ያስጠጉና ይመልሳሉ፤ ደመናውን ያያሉ፤ ደግሞ እጃቸውን ያስጠጋሉ። ግማሽ ሰዓት እንኳ ያልሞላው ያ ቆይታ ከዕድሜያቸው ሁሉ እንደረዘመባቸው ለማኅሌት ነግረዋታል።

በዚያ ሰዓት ወይዘሮ ገለቴ የሚባሉ የዚያው ቀበሌ ሴት፣ ለታመመች ልጃቸው ጠበል በጀሪካን ይዘው ደረሱ። አቶ ከፋለ ውሃውን ለመኗቸው። ሴትየዋ፣ «ኧረ ወንድሜ፣ ጠበል ለሞተር ይሆናል?» ብለው አመነቱ። ክትባቱ ለቀበሌያቸው ሕፃናት መሆኑን ሲሰሙ ግን፣ «ለልጆቹ ከሆነ እንካ፤ እኔ ተመልሼ እቀዳለሁ» ብለው ሰጧቸው። አቶ ከፋለ ጀሪካኑን በጋለው ሞተር ላይ ገለበጡት። ሲሊንደሩ ቋ ብሎ ተሰነጠቀ። ሞተሩ ዳግመኛ አልተነሣም።

ሣጥኑን ተሸክመው በእግራቸው ቀጠሉ፤ መንገድ ስተው ያደረሱት በማግስቱ ከቀትር በኋላ ነው። በረዶው ቀልጦ፣ ሣጥኑ ሞቆ ነበርና የሚጠብቋቸው ነርስ ክትባቱን ጣሉት። አዲስ ክትባት እስኪመጣ አሥራ ስድስት ቀን አለፈ። በዚያ መካከል ሦስት ሕፃናት ሞቱ። ከሦስቱ አንዱ የወይዘሮ ገለቴ ልጅ ነበር፤ ጠበሉ የተቀዳላት ታማሚዋ ድና፣ ያን ዕለት ደኅና የነበረው ታናሿ ሞተ። ወንዙም ቢሆን ያን ቀን አልሞላም።

በነሐሴ ወር በመሥሪያ ቤቱ ግምገማ ተደረገ። መቶ ሃያ ሰው በተቀመጠበት አዳራሽ ሞተሩ ለምን እንደተሰነጠቀ ተጠየቀ፤ ጣትም ወደ ጠጋኙ ተቀሰረ። አቶ ሀሰን ተነሥተው፣ «ከሞተሩ ጋር የነበረው ከፋለ ነው። እሱን ጠይቁት፤ እሱ ያለውን እቀበላለሁ» አሉ። አቶ ከፋለ ተጠየቁ። ሦስት ልጆች ነበሯቸው፤ ከዚያ ደመወዝ በቀር መተዳደሪያ አልነበራቸውም፤ ፈርተውም ነበር። «ውሃ የሚባል አልነካውም። ሞተሩ ከግቢ ሲወጣም ደኅና አልነበረም» አሉ። አቶ ሀሰን አንድ ጊዜ አዩአቸውና ተቀመጡ። እጅ ወጣ፤ አቶ ሀሰን በቸልተኝነት ከሥራ ተሰናበቱ። በዓመቱ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ነሲባ ጋር ወደ ጋሸና ሄደው ከመንገድ ዳር ጎማ መጠገን ጀመሩ። ሕፃናቱን የገደለ መካኒክ የሚል ወሬም ተከትሏቸዋል።

አቶ ከፋለ ግን በሥራቸው ቀጠሉ፤ ተመሰገኑም። አዲስ አሽከርካሪዎችን ሁሉ ያሠለጠኑት እሳቸው ናቸው፤ የሚያስተምሩትም የአቶ ሀሰንን ቃል ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ነበር። በ1999 ዓ.ም. አንድም ሞተር ሳያቃጥሉ ለስድስት ዓመት በማገልገላቸው የምስጋና ወረቀት ተሰጣቸው። ወይዘሮ ሰርካለም በደስታ ግድግዳ ላይ ሰቀሉት፤ አቶ ከፋለ አወረዱት። ለምን ቢሏቸው «የሰው ነው» አሉ፤ ቤተሰቡም ትርጉሙን ሳይረዳ ስንት ዓመት ኖረ። የንስሐ አባታቸው ደጋግመው፣ «ለእኔ መንገርህ ለነፍስህ ነው፤ ስሙን ግን ለባለቤቱ መልስ» ይሏቸው ነበር። ጋሸና ላይ መኪና በቆመ ቁጥር ግን አቶ ከፋለ ከወንበራቸው አይወርዱም ነበር።

በ2006 ዓ.ም. መጨረሻ የጉበት ሕመም ጸናባቸው። መስከረም 2007 ዓ.ም. ማኅሌት ደግፋ ጋሸና ወሰደቻቸው። አቶ ሀሰን ጎማ እየፈቱ ነበር፤ ሰውየው ታማሚ መሆናቸውን ሲያዩ በርጩማ አቀረቡላቸው፤ ወይዘሮ ነሲባም ሻይ አመጡላቸው። አቶ ከፋለ ሻዩን ሳይቀምሱ ሁሉንም ተናገሩ። አቶ ሀሰን እጃቸውን በጨርቅ ጠርገው፣ «ከፋለ፣ ያኔ መቶ ሃያ ሰው ነበር። ዛሬ እዚህ አራት ነን። ስሜ የተወሰደው በሕዝብ ፊት ነው፤ በጓዳ አልቀበልህም» አሏቸው። ከዚያም እስከ መኪናው ድረስ ደግፈው ሸኟቸው።

አቶ ከፋለ በጥቅምት በሚደረገው የሠራተኛ ስብሰባ ላይ ቆመው ሊናገሩ ቆርጠው ነበር። ቀኑ ሲደርስ ግን ከአልጋ መነሣት አቃታቸው። ማኅሌትን ጠርተው፣ «እንግዲህ ሰው የሚሰበሰብልኝ አንድ ቀን ብቻ ቀርቶኛል፤ በዚያ ቀን አንቺ ተናገሪልኝ» አሏት። ማኅሌት አልቅሳ እምቢ ብላ ነበር፤ በሦስተኛው ቀን እሺ አለች።

አቶ ከፋለ ጥሩሰው በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ኅዳር 9 ቀን 2007 ዓ.ም. በተወለዱ በ57 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐርፈዋል። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆችና ሁለት የልጅ ልጆችን ትተው ሄደዋል። ልጆቻቸው እጅግ ይወዷቸዋል፤ ይህን ከሰሙ በኋላም ይወዷቸዋል።

እንግዲህ በሟች ቃል፣ ሟች በተኙበት፣ ይህ ይነገራል። ሲሊንደሩን የሰነጠቁት አቶ ከፋለ ናቸው። አቶ ሀሰን ያን ጠዋት ሥራቸውን ጨርሰው፣ ማስጠንቀቂያም ሰጥተው ነበር፤ ምንም ጥፋት የለባቸውም። በዚያ አዳራሽ እጃችሁን ያወጣችሁ ብዙዎቻችሁ ዛሬ እዚህ አላችሁ፤ የሰማችሁትን ላልሰማው እንድትነግሩ ቤተሰቡ ይለምናችኋል።

ለሽማግሌዎች የተተወ ቃልም አለ። አቶ ከፋለ፣ «ሀሰንን ይቅር በለው ብላችሁ እንዳትጫኑት፤ ሬሳ ፊት እምቢ ማለት ለሰው ይከብደዋል» ብለዋል። ስለዚህ አቶ ሀሰን ዝም ብለው ወደ ጋሸና ቢመለሱ ማንም አይከተላቸው፣ ማንም አይቀየማቸው። ለአባታችን ነፍስ ፈጣሪ እውነት መናገር በማያስፈራበት ስፍራ ማረፊያ ይስጥልን።