ለኪየቭ ዋንጫ የታረደው ፍየል

ሸዋ ሮቢት
ግንቦት 12 ቀን 1978 ዓ.ም.

አሰላሙ ዐለይኪ ልጄ ሙሚና፣

ሌላ ጊዜ ቢሆን እኛ ደህና ነን፣ አንቺስ እንዴት ነሽ ብዬ ነበር የምጀምረው። ዛሬ ግን አስቀድመሽ መልሺልኝ፤ ደህና ነሽ ወይ? ይህን ደብዳቤ ለአባቱ ለቅሶ መጥቶ ወደ ሞስኮ ትምህርቱ የሚመለሰው ብርሃኔ በእጁ ይዞልኛል፤ ከዚያ ሆኖ ኪየቭ ይልክልሻል። በፖስታ ቢሆን እንዲህ አፌን ከፍቼ አልጽፍም ነበር።

ከናንተ ከተማ ወዲያ ያለ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ፈንድቶ መርዙ ከአየሩ ጋር ተቀላቀለ ሲሉ በውጭ አገር ራዲዮ ሰማሁ። ድምፁን ቀንሼ፣ ጆሮዬን ለጥፌ ነው የሰማሁት። ከዚያን ቀን ወዲህ ሥራ አልያዝልኝ ብሏል። ከማጀቴ ከተማ ማሾ ይዞ ወደ እህል መደብሬ የመጣ ገበሬ ዋጋ ሲጠይቀኝ ሚዛኑን ትቼ ሰማይ ሰማዩን አያለሁ። እናትሽማ እህል ከነካች ሰንብታ ነበር።

በክርስቲያኖቹ ፋሲካ ዋዜማ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ መንገድ ዳር ጎማ የሚጠግነው ግርማ እየሮጠ መጣ። የኳስ ወሬ ካለ ደንበኛውን ከነጎማው ጥሎ የሚሄድ ሰው መሆኑን ታውቂያለሽ።

«ጋሼ ሁሴን፣ የምሥራች» አለኝ።

«ምስር ብላ» አልኩት።

«ኪየቭ ዋንጫ በላች። ዲናሞ ኪየቭ የአውሮፓን የዋንጫ አሸናፊዎች ዋንጫ ወሰደ። ስፔኖቹን ሦስት ለዜሮ ነው የሸኟቸው።»

እኔ ኳስ አላውቅም። ግን የምታድሪበት ቤት ከስታዲየሙ አጠገብ እንደሆነ፣ ጎል ሲገባ መስኮትሽ እንደሚንቀጠቀጥ ጽፈሽልን ነበር። ያ ጩኸት በጆሮዬ መጣ። አየሩ የተመረዘ ቢሆን ሃያ ሁለት ሰው አፉን ከፍቶ ይሮጣል? ሕዝቡስ ወጥቶ ያጨበጭባል? እናትሽ ይህን ስነግራት እዚያው ሱጁድ ወረደች። ግርማ የእኛን እርድ ስለማይበላ፣ ራሱ አርዶ እንዲፈስክበት አንድ አውራ ዶሮ ከነነፍሱ ሰጠሁት። ለእኛ ደግሞ ቀዩን ፍየል አረድኩ። ጎረቤቱ ተሰብስቦ ዱዓ ተደረገ፤ ስምሽን እየጠሩ አላህን አመሰገኑልሽ። አንድ ሽማግሌማ ለተጫዋቾቹም ዱዓ ካላደረግሁ ብለው ስማቸውን መጥራት አቅቷቸው ስንስቅ ዋልን።

ከሳምንት በኋላ የጋሪዬን ጎማ ላስጠግን ግርማ ዘንድ ሄጄ ስለ ጨዋታው እንዲያወራኝ ጠየቅሁት። ደስታዬን ደግሜ ልቅመሰው ብዬ ነው።

«ሰው ሞልቶ ነበር?»

«ሞልቶ ነበር አሉ። ፈረንሳዮች እኮ ኳስ ይወዳሉ።»

«ፈረንሳዮች ኪየቭ ምን ሊሠሩ መጡ?»

«ኪየቭ አይደለም እኮ ጋሼ። የፍጻሜ ጨዋታ ሌላ አገር ነው የሚደረገው። ሊዮን በሚሏት የፈረንሳይ ከተማ ነው የተጫወቱት።»

«ስለ ኪየቭስ ምን አሉ?»

ግርማ ጎማውን ውሃ ውስጥ ነክሮ አረፋ መፈለግ ጀመረ።

እንግዲህ እኔ ያመሰገንኩት ፈረንሳይ ላይ ስለ ሮጡ የሰው ልጆች ነው። ስለ አንቺ የሰማሁት አንድም ነገር የለም። ለእናትሽ አልነገርኳትም። ረመዳን ገብቶ እሷ ደስ ብሏት ስታፈጥር፣ እኔ እየሳቅሁ ቴምሩን አቀብላታለሁ። ፈርቻለሁ ልጄ። ወተት ጠጪ እያልኩ ስጨቀጭቅሽ የኖርኩ ሰው አሁን አትጠጪ እልሻለሁ፤ ራዲዮው እንዲያ ብሏል። ዝናብ ሲጥልም አትውጪ። እዚህ ሰው ሁሉ ዝናብ ያውርድልን ብሎ ያንጋጥጣል፣ እኔ ልጄን ከዝናብ ሽሺ እላለሁ። ሐኪም ልሆን ነው ብለሽ ደግሞ ወደ እሳቱ እንዳትጠጊ። ትምህርቱ ይቅር ካልሽም ይቅርብሽና ነይ።

እዚህ ላይ ስደርስ እናትሽ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠችና አንብብልኝ አለች። አነበብኩላት፤ ከፍየሉና ከዱዓው በኋላ ግን የግርማን ሁለተኛ ወሬ ዘልዬ ወተት አትጠጪ ወደሚለው አለፍኩ።

«የዘለልከውን አንብብልኝ» አለችኝ።

«ምኑን?»

«ፈረንሳዩን። የግርማ ሚስት ፈለቀች እሱ በነገረህ ማግስት ነግራኛለች። አንተ እንዳትጨነቅ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

ይህን ሁሉ ቀን ፊት ለፊት ተቀምጠን እየተሳሳቅን ስናፈጥር ነበር። ከዚያ ይህን ጻፍልኝ አለች፤ እንዳለችው ጻፍኩት፦ «ፍየሉ የታረደው ለኳሱ አይደለም፤ ላንቺ ነው። አላህ ሜዳው የት እንደነበር አይጠፋውም። ምስጋናውን አስቀድመን ሰጥተናል፤ አንቺ ብቻ ደህና ሁኚና እውነት አድርጊልን።»

አላህ ከክፉው አየር ይጋርድሽ፤ የምትተነፍሺውን ሁሉ ጤና ያድርግልሽ። ረጅም ደብዳቤ አልጠብቅም። ጽሕፈትሽን አውቀዋለሁና ሙሚና ብለሽ ስምሽን ብቻ ጽፈሽ ብትልኪም ይበቃናል።

አባትሽ ሁሴን ኢብራሂም
እናትሽ ሐቢባም አጠገቤ ናት