የአባባን ሸሚዝ ማን ቆለፈው?

እማዬ፣

ከተለየሽን ሁለተኛው ክረምት ወጣ። የምጽፍልሽ ሆድ ብሶኝ አይደለም። ታውቂኛለሽ፤ በአንቺ ለቅሶ እንኳን ወንበሩ ለሰዉ ይበቃ እንደሆነ ሳሰላ የዋልኩ ሰው ነኝ። አሁንም የምጽፍልሽ ጉዳይ ስላለኝ ነው። ስምሽ ሳትጠየቂ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ተጠርቷል። ባለቤቱ ያልሰማው ነገር ደግሞ ከእኔ ጋር አያድርም። የቀን ውሎዬን እንደ ድሮው በማስታወሻ እይዛለሁ፤ የዛሬውን ግን ለአንቺ አደረግሁት።

በቅድሚያ የቤቱን ልንገርሽ። የእንጨት መሸጫ ግቢያችን እንዳለ ነው። ከአሥራ ስምንት ማዞሪያ ወደ እኛ የሚያስገባው መንገድ ድንጋይ ተነጥፎበታል፤ ከሆለታ በኩል የሚመጣው አይሱዙ አሁን ጭቃ ሳይፈራ በሩ ድረስ ይገባል። ጭቃ ቤት የሚሠራ ስለጠፋ ማገር የሚጠይቅ የለም ማለት ይቻላል። አጠናው ግን ይሄዳል፤ ዓለም ባንክ ሰፈር ፎቅ የሚያቆሙት ሁሉ ለመደገፊያ ይወስዱታል። መጀመሪያ ሰሞን «እናትሽን ጥሪልን፣ ዋጋ የምንነጋገረው ከእሷ ጋር ነው» ይሉኝ ነበር። «እሷ አርፋለች፣ እንጨቱ ያው ነው፣ ዋጋውም ያው ነው» እላቸው ነበር። አሁን ለምደውኛል። አንዱ እንዲያውም ባለፈው «አንቺስ ከእናትሽ ትብሻለሽ፤ እሷ ቢያንስ ቅናሽ ስትከለክል ትስቅ ነበር» አለኝ። ምስጋና አድርጌ ወሰድኩት።

አባባን ግን በመጀመሪያው ክረምት፣ ፍልሰታ ሊገባ ሲል፣ ስትሮክ መታቸው። ጠዋት ቧንቧው አጠገብ ሲታጠቡ ሳሙናው ከእጃቸው ወደቀ። አነሱት፤ ደግሞ ወደቀ። ሊያነሱት ጎንበስ ሲሉ እሳቸውም አብረው ወደቁ። ሐኪም ቤት ቶሎ አደረስናቸው። አንደበታቸው ቀስ ብሎ ተመለሰ፣ እግራቸውም እየጎተተ መሄድ ጀመረ። ቀኝ እጃቸው ግን ተጨብጦ ቀረ። ያ በጫማ ፋብሪካው ውስጥ ቆዳ ሲቆርጥ የኖረው እጅ፣ እማዬ፣ ዛሬ ማንኪያ አይዝም። ፋብሪካው ጥቂት ወራት ታገሣቸውና የስንብት ደብዳቤ ሰጣቸው። የጡረታ ዕድሜያቸው ገና ነው።

ሰው ሲጠይቃቸው «ብርድ መቶኝ ነው» ይላሉ። የሞተውን እጅ በግራ እጃቸው ያነሱትና ኮት ኪሳቸው ውስጥ ያስቀምጡታል። ከሩቅ ለሚያያቸው እጁን ኪሱ ከትቶ የሚንሸራሸር ጌታ ይመስላሉ።

እኔ ማስተዳደር አላቃተኝም። የከበደን ሌላ ነገር ነው። አባባ ከዕድር ቀሩ። ሲመሠረት ጀምሮ የነበሩበትን ዕድር ማለቴ ነው። የወር መዋጮውን እኔ እንደምከፍል ባወቁበት ቀን «በልጄ ኪስ ዕድርተኛ አልሆንም» ብለው ስብሰባ መሄድ ተዉ። ሰፈር ውስጥ ሰው ሲሞት ድንኳን አይገቡም፤ በር ላይ ቆመው ነፍስ ይማር ብለው ይመለሳሉ። ሊቀመንበሩ ጋሽ ታደሰ ቤት ድረስ መጥተው «አንተ ሰውዬ፣ ስትሞት ማን ይቅበርህ? እኔ አካፋ መያዝ ትቻለሁ!» ብለው ሊያስቋቸው ሞከሩ። አልሳቁም።

ያን ጊዜ ነው የጡረታውን ነገር ያሰብኩት። ከደሞዛቸው በየወሩ ሲቆረጥ ኖሯል፤ በሕመም ሥራ መሥራት ያልቻለ ሰው ዕድሜው ሳይደርስ አበል ያገኛል። የራሳቸው ገንዘብ ነው። ይህን ስላቸው ዝም አሉ፤ የአባባ ዝምታ ደግሞ እሺ ማለት እንደሆነ ከአንቺ በላይ የሚያውቅ የለም።

መጀመሪያ የሐኪሞች ቦርድ ሊያያቸው ይገባ ነበር። በዋዜማው እህታቸው እትዬ ብርቄ መጡ። «ወንድሜ ሰው ፊት እንደ ለማኝ አይቀርብም» ብለው ጢማቸውን አስላጩ፣ ሱፋቸውን ተኮሱ፣ የሠርጋችሁን ከረባት ከሣጥን አወጡ። እኔ የጭነት መኪና ስጠብቅ ነበርና አባባ የሄዱት ከእህታቸው ጋር ነው። ሲመለሱ ፊታቸው በርቷል። «እንዴት ነበር?» ስላቸው «ደህና አድርገው አስተናገዱኝ፣ የተማረ ሰው ጥሩ ነው» አሉ።

ከሳምንታት በኋላ ውሳኔው መጣ። ቀላል ሥራ መሥራት ስለሚችሉ ጥያቄያቸው ተቀባይነት አላገኘም ይላል። መዝገቡን እንዲያሳዩኝ ለመንኩ፤ አንዷ ሠራተኛ አዘነችልኝና አነበበችልኝ። ወደ ክፍሉ ያለ ረዳት ገብተዋል። ወንበር ሲሰጣቸው ቆመው አመስግነዋል። ጤናቸውን ሲጠየቁ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ብለዋል። ይኸው ነው።

በሐኪሞቹ አልተናደድኩም። ሰልፉ ረጅም ነው፣ ፊታቸው የቀረበው ደግሞ ከረባት ያሰረ፣ እጁን ኪሱ የከተተ፣ ደህና ነኝ የሚል ሰው ነው። በአባባም አልተናደድኩም። እንዴት ነህ ላለው ሰው ሌላ መልስ እንዳለ ማንም አስተምሯቸው አያውቅም። ሬሳ ሣጥን ውስጥ ሆነው ቢጠየቁም እግዚአብሔር ይመስገን ነው የሚሉት።

ይግባኝ ማለት ይቻላል ተባለ። አባባ አልፈለጉም። «ደህና ነኝ ብዬ የተናገርኩትን ታምሜያለሁ ብዬ ልካድ? ሟርትም ነው» አሉ። «አይካዱ፤ እኔ ነኝ የምጽፈው» አልኳቸው።

ከመሥሪያ ቤቱ አጥር ሥር ጥላ ዘርግተው ከሚቀመጡት ማመልከቻ ጸሐፊዎች ወደ አንዱ ሄድኩ። ገና ጉዳዩን ሳልጨርስለት «በእንባ እየታጠብኩ፣ በጉልበቴ ተንበርክኬ» ብሎ ጀመረ። እንባውን አውጣልኝ አልኩት። ብዕሩን አስቀመጠና በመነጽሩ አናት አየኝ። «እህቴ፣ እንባ የሌለው ይግባኝ ጨው የሌለው ወጥ ነው፤ ማን ይበላልሻል?» «አንተ ጻፍ፣ ካልበሉት እኔ እበላዋለሁ» አልኩት። እያጉረመረመ ጻፈ።

ያጻፍኩት አንቺ ያስተማርሽኝን ነው። ትዝ ይልሽ እንደሆነ፣ ገና አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ግቢው ውስጥ ስቀመጥ፣ አንድ ነጋዴ ሙሉ መኪና አጠና አመጣ፤ «ቀጥ ያለ ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። እሱም ማለልኝ። አንቺ ከኋላዬ መጥተሽ አንዱን እንጨት መሬት ላይ አጋደምሽውና ተንበርክከሽ፣ አንድ ዓይንሽን ጨፍነሽ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ አየሽው። ጎባጣ ነበር። «ሻጭ አይጠየቅም፤ እንጨቱ ነው የሚጠየቀው» አልሽኝ። ሰውዬው እስከነጭነቱ ተመለሰ።

እናም ይግባኙ ላይ እንዲህ አስጻፍኩ። አባቴ ደህና ነዎት ወይ ተብለው አይጠየቁ፤ ደህና ነኝ ይላሉና። ይልቅ ጠዋት ሸሚዛቸውን ማን እንደቆለፈላቸው ይጠየቁ። የማለብሳቸው እኔ ነኝ። ውሸት አያውቁም፤ እውነቱን ይናገራሉ። ይህን ብቻ። ጸሐፊው ሲያነብልኝ ሳቀብኝ። «የሸሚዝ ቁልፍ ይዘሽ ችሎት!» አለ።

በቀጠሮው ቀን አብሬያቸው ገባሁ። ከጠረጴዛው ጀርባ ሦስት ሰዎች አሉ፤ ሰብሳቢዋ ጸጉሯ የሸበተ ሴት፣ አንድ ወጣት ሐኪም፣ አንድ ደግሞ የሚጽፍ ሰውዬ። አባባ ገና ከበሩ ጎንበስ ብለው እጅ ነሱ። ቀኝ እጃቸው ኪሳቸው ውስጥ ነው። ሐኪሙ ከልማዱ ይሆናል፣ «አባት፣ እንዴት ነዎት?» አላቸው።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ ልጄ።»

ሰውዬው ጻፈው። ብዕሩ ሲንቀሳቀስ አየሁ። በቃ አልኩ በልቤ፣ ጭነቱ ተመለሰ።

ሰብሳቢዋ ግን ወረቀቴን አንብባው ኖሯል። መነጽሯን አውልቃ «አባቴ፣ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎ። ዛሬ ጠዋት ይህን ሸሚዝ ማን ቆለፈልዎ?» አለቻቸው።

አባባ ቁልፉን ዝቅ ብለው አዩት። ከዚያ አንቺን ጠሩ።

«አስካለ።»

«አስካለ ማን ናት?»

«ባለቤቴ ናት።»

ሰብሳቢዋ መዝገቡን ገለጥ አደረገች። ባለቤት የሞተችበት ይላል። የሚጽፈው ሰውዬ ወደ እኔ ዞረ። «እህት፣ ይሄ ነገር ምንድን ነው? አንቺ እኔ አለብሳቸዋለሁ ብለሽ ጽፈሻል፣ እሳቸው ሚስቴ ይላሉ፣ ሚስትየው ደግሞ የለችም። ታሪክ ስትሠሩ ቢያንስ ተማክራችሁ አትመጡም?» አለኝ።

 እማዬ፣ ሃያ ገዢ ከቦኝ ሲጮህ ቃል አጥቼ አላውቅም፤ ያን ቀን ግን አጣሁ። ውሸታም ናቸው እንዳልል አባቴ ናቸው። እውነት ነው እንዳልል አንቺ የለሽም። ሰውዬው ራሱን ነቀነቀና ወረቀቱን ወደ ጎን ሊያደርግ ሲል አባባ ብድግ አሉ። ብድግ ሲሉ እግራቸው ከዳቸውና ጠረጴዛውን በግራ እጃቸው ያዙ።

«ልጄን ውሸታም አትበላት» አሉ። ቃሉ እየተያያዘባቸው። «ልጄ ነጋዴ ናት። ቃሏ ነው ንብረቷ። የዋሸሁት እኔ ነኝ። ሴት ልጅ አባቷን ታለብሳለች ብዬ ሰው ፊት መናገር አፍሬ ነው።»

 ከዚያ ሳይጠየቁ ቀጠሉ። ሱሪያቸውን ማን እንደሚያስታጥቃቸው፣ ሥጋ ማን እንደሚቆርጥላቸው፣ ሌሊት መገላበጥ ሲያቅታቸው ግድግዳውን እንደሚደበድቡ። ሲደበድቡ በእንቅልፌ እንደምሰማቸው የሚያውቁ አይመስለኝም ነበር፤ ለካ ያውቁታል። አንዱንም ለራሳቸው ብለው አልተናገሩም። ሁሉንም የተናገሩት የእኔ ቃል እውነት እንዲሆን ነው። ሐኪሙ ተነሥቶ መጣና ቀስ ብሎ እጃቸውን ከኪሳቸው አወጣ። ጣቶቻቸውን ሊዘረጋ ሞከረ፤ አልተዘረጉለትም። ምንም ሳይል መልሶ ኪሳቸው ውስጥ አስቀመጠላቸው። ያን ማድረጉን አልረሳለትም።

በሚኒባሱ ስንመለስ አባባ ወደ መስኮቱ ዞረው ነበር፣ እኔም ሳንቲም የምፈልግ መሰልኩ።

ይግባኙ ተፈቀደ። ስልክ ተደውሎ ሲነገረኝ እንጨት እያስቆጠርኩ ነበር፤ ቆጠራው ጠፋብኝና ከመጀመሪያው ጀመርኩ። አበሉ ብዙ አይደለም። ግን በመጀመሪያው ወር አባባ የዕድሩን መዋጮ በግራ እጃቸው ይዘው ራሳቸው ሄዱ። ጋሽ ታደሰ የቀሩበትን ቅጣት አስከፈሏቸው። «ለወዳጅ ቅናሽ የለም» ብለው። አባባ ደስ ብሏቸው ከፈሉ።

ከረባቱን ወደ ሣጥኑ መልሼዋለሁ። እትዬ ብርቄ ተቀየሙኝ፤ ያልፋል።

አሁን የመጣሁበትን ልንገርሽ። ዛሬ ጠዋት ሸሚዛቸውን እየቆለፍኩ ሳለ አባባ ግድግዳውን እያዩ «ያን ቀን የተናገርኩትን ለእናትሽ እንዳትነግሪያት» አሉኝ። እኔም እሺ አልኳቸው። ለሰው የገባሁትን ቃል አፍርሼ አላውቅም፤ ይኸው ዛሬ አፈረስኩ። አንቺ እንዳልሰማሽ ሁኚ።

በሕይወታቸው አንድ ጊዜ ዋሹ፤ የዋሹትም በአንቺ ስም ነው። ሌላ ስም አልመጣላቸውም። እኔ ያን ውሸት እንዲሁ ልተወው አልፈልግም። ሁልጊዜ ጠዋት ከላይኛው ቁልፍ ስጀምር ስምሽን በልቤ እጠራለሁ፣ እስከ ታችኛው ድረስ። እንዲያ ካደረግሁ አባባ አልዋሹም። አንቺም አልተረሳሽም።

ልጅሽ
ሰናይት