የቀሩ ለማጆችን ቤት ለቤት ጠይቀው ስለመለሱት ስለ አቶ ሀምዱ እንድሪስ ዕረፍት

የደሴና የኮምቦልቻ ልብስ ሰፊዎች ማኅበር፣ ከመሥራቾቹ አንዱና የለማጆች ቤት ኃላፊ የነበሩት አቶ ሀምዱ እንድሪስ በአምስት ቀን ሕመም ዓርብ ሚያዝያ 20 ቀን 1931 ዓ.ም. ሆጤ በሚገኘው ቤታቸው ማረፋቸውን ለአባላቱ፣ ለለማጆቹና ለሁለቱ ከተሞች ሕዝብ በጥልቅ ኀዘን ያስታውቃል።

የሟች ታሪክ በአጭሩ እንዲቀርብ ደንቡ ያዛል። የእርሳቸውን ማሳጠር ግን አስቸግሮናል። አቶ ሀምዱ ነገር ካልገባቸው እንቅልፍ የማይወስዳቸው ሰው ነበሩ፤ ስለ እርሳቸው ስንጽፍም እንዴት ደረሱበት እያልን ደጋግመን ቆመናል።

አቶ ሀምዱ በቢስቲማ ተወልደው፣ በልጅነታቸው ቁርኣን ተምረው፣ በጎልማሳነታቸው ደሴ ገቡ። ስፌት የለመዱት በአንድ የመናዊ ነጋዴ ሱቅ በረንዳ ላይ ነው። በ1920 ዓ.ም. ከስድስት ባልንጀሮቻቸው ጋር ይህን ማኅበር አቋቋሙ፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ መዝገብ የተጻፈው ያን ጊዜ ነው።

በ1926 ዓ.ም. በእርሳቸው አሳሳቢነት የለማጆች ቤት ተከፈተ። ባል የሞተባቸው፣ እግራቸው የማይታዘዝላቸው፣ መሬትም ወገንም የሌላቸው ሰዎች ያለ አንዳች ክፍያ ሙያ እንዲለምዱ ታሰበ። ከማንም ምንም አንጠይቅም ብለን በሰኞ ገበያ አስነገርን። በዚህ አዋጃችን እንኮራ ነበር።

በጥቅምት 1930 ዓ.ም. ጠቅላላ ጉባኤው መዝገቡን አስቀርቦ ተመለከተ። ከገቡት ሠላሳ አንድ ለማጆች የጨረሱት አሥራ ሁለት ነበሩ። በአሥራ ዘጠኙ ስም አንጻር ጸሐፊያችን ቀለሙ ሞላልኝ (ይህንንም የሚጽፈው እርሱ ነውና “አቶ” ይቅርበት) “ሰነፍ” የሚል ቃል አስፍሯል። ድሃ ቁጭ ብሎ መማር አይሆንለትም ያሉ አባላት ጥቂት አልነበሩም። ከእንግዲህ ዋስ ያልጠራ ለማጅ እንዳይገባ የሚል ሐሳብም ቀረበ። ዋስ የሚሆነው ሰው ያለው ደግሞ ቀድሞውኑ ወደ እኛ ደጅ የማይመጣ ነው፤ ሐሳቡ ቢጸድቅ ቤቱ በተከፈተላቸው ሰዎች ላይ ይዘጋ ነበር። አቶ ሀምዱ እስከ አረፋ ድረስ ጊዜ ለመኑ። ተሰጣቸው፤ ይሉኝታ ይዞን ነው የሰጠናቸው።

የአማርኛ ፊደል አያውቁም ነበርና ጸሐፊውን አጠገባቸው አስቀምጠው መዝገቡን አስነበቡት። ስሙንም ሰበቡንም ትቶ ሰው መምጣት ያቆመበትን ቀን ብቻ እንዲጠራ አዘዙት። ጸሐፊው ያለ ልቡ ማንበብ ጀመረ፤ ከስድስተኛው በኋላ ግን ወደ ኋላ ገልጦ ማመሳከር ያዘ። አንዷ ታማለች፣ አንዱ ለቅሶ ሄዷል፣ አንዱ አገሩ ገብቷል፤ ከሁለት በስተቀር ሁሉም የቀሩት በገቡ በአራተኛው ወር፣ መቀስ ሊይዙ አንድ ሳምንት ሲቀራቸው ነው። አራት ዓመት ሙሉ በእጃችን የጻፍነውን ያላየነው ለምን እንደሆነ እስካሁን ይደንቀናል።

“በሽታና ለቅሶ ቀጠሮ ይዘው መምጣት የጀመሩት ከመቼ ወዲህ ነው?” አሉ አቶ ሀምዱ።

ከዚያ በኋላ ያደረጉት በማኅበራችን ታሪክ ያልነበረ ነገር ነው። ወደ ኮምቦልቻ በካሚዮን፣ ወደ ደጋን በእግር፣ ወደ ቢስቲማ በበቅሎ እየሄዱ የቀሩትን በየቤታቸው ጠየቁ። ለምን ቀረህ አይሉም፤ ቁጭ ብለው ስለ ዝናቡ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ልጆቹ ይጠይቃሉ። የአገራችን ሰው እንግዳ በክብር ተቀብሎ፣ መርቆ፣ ሁሉ ሰላም ነው ብሎ ይሸኛል፤ ችግሩን ግን ከጉያው አያወጣም። ዘጠኝ ቤት ገብተው ዘጠኝ ምርቃት ይዘው ተመለሱ። ጉባኤተኛው አሾፈባቸው።

አሥረኛዋ ኮምቦልቻ የሚኖሩት ወይዘሮ ፀሐይነሽ ናቸው፤ ባላቸው የሞቱባቸው፣ አንድ እግራቸው የሚያነክስ፣ በስፌት እጃቸው ከሁሉ ይበልጥ የተመሰገኑ ለማጅ። አቶ ሀምዱ ሦስት ጊዜ ሄዱባቸው። በሦስተኛው ወይዘሮዋ ተሰላችተው እንዲህ አሉ፦ “ያለኝ ይኸ የለበስኩት ነው፣ አባቴ። እሱን አምጥቼ ልቁረጠው?”

ነገሩ ይህ ነበር። በሙያችን ደንብ የሰው ጨርቅ በለማጅ እጅ አይቆረጥም፤ መጀመሪያ መቀስ የሚይዝ ሰው የሚቆርጠውን ጨርቅ ከቤቱ ያመጣል። እኛም ስንለምድ አምጥተናል፣ የእኛም አስተማሪዎች አምጥተዋል። ይህን እንደ ክፍያ የቆጠረው አልነበረም። ከማንም ምንም አንጠይቅም ብለን ስናስነግር ከልባችን ነበር። የሌለው ሰው ደግሞ የለኝም ከማለት ታምሜያለሁ ማለት ቀለለው፤ እኛም ሰነፍ አልነው። በዚህ አፍረናል።

አቶ ሀምዱ ወሬውን ይዘው ዝም አላሉም። ለማጅ በምን ይቁረጥ የሚለው ብዙ ቀን አብሰለሰላቸው። ጆንያ ሞከሩ፣ መቀሱን አደነዘው። በመጨረሻ ባለቤታቸው ወይዘሮ ሳፊያ ዳቦ ሊጋግሩበት ያስቀመጡትን የኮባ ቅጠል አቶ ሀምዱ አንስተው በከሰል አስምረው እጅጌ ቆረጡበት። ኮባ እንደ ጨርቅ በጭረቱ በኩል ይሄዳል፣ አግድም ሲቆርጡት ያስቸግራል፤ ለእጅ ትምህርት የሚሆነው ለዚህ ነው። የወይዘሮ ሳፊያ ዳቦ ያን ቀን እንዴት እንደተጋገረ ማኅበሩ አልጠየቀም።

ከቅጠሉ በኋላ እውነተኛ ጨርቅ ያስፈልጋል። በየካቲት 1930 ዓ.ም. ለአረፋ ልብስ የገዙትን አቡጀዲ በጉባኤው ፊት ዘርግተው፣ ተመልሰው በኮባ ለተለማመዱት ለወይዘሮ ፀሐይነሽ እንዲቆርጡት ሰጡ። ወይዘሮዋ ቆረጡት፤ ግራ እጅጌው ሁለት ጣት አጠረ። አቶ ሀምዱ በአረፋ ዕለት ያንኑ ለብሰው ሰላት ወጡ። ለጠየቃቸው ሁሉ እጅጌውን እያሳዩ የቆረጡትን ወይዘሮ ስምና ሰፈር ይናገሩ ነበር። በሳምንቱ የዋሱ ሐሳብ ወደቀ፤ እያንዳንዱ አባልም በዓመት አንድ ጨርቅ ለለማጅ መቀስ እንዲሰጥ ተወሰነ።

ከአሥራ ዘጠኙ አሥራ አንዱ ተመለሱ። ወይዘሮ ፀሐይነሽ በሐምሌ 1930 ዓ.ም. ጨርሰው ዛሬ ኮምቦልቻ የራሳቸው ደንበኛ አላቸው። ካልተመለሱት የአንዷን ምክንያት እስከ ዛሬ አላወቅንም። አቶ ሀምዱ ግን ለማወቅ አምስት ጊዜ ደጋን ወርደዋል።

አሁን ልንጽፈው ወደማንወደው ደርሰናል። ያለፈው ሰኞ በገበያ መደባቸው አልታዩም። ማክሰኞ እንደ ልማዳቸው ኮምቦልቻ ለማጆቹ ዘንድ አልወረዱም። ረቡዕም የሉም። ወይዘሮ ሳፊያ የወለደች ልጃቸውን ሊያርሱ ቢስቲማ ሄደው ስለነበር ቤቱ ውስጥ ሌላ ሰው አልነበረም። እኛ የቀረ ለማጅ ፍለጋ ሄደው ይሆናል ተባባልን፤ ከመካከላችንም ተነሥቶ ያየ የለም።

ሐሙስ ወይዘሮ ፀሐይነሽ፣ አቶ ሀምዱ ማክሰኞ ለምን እንዳልወረዱ ሊጠይቁ፣ ከኮምቦልቻ በካሚዮን መጥተው ወደ ማኅበሩ ቤት ገቡ። ያልነውን ነገርናቸው። ወዲያው እያነከሱ ሆጤ ወረዱ፤ ትኩሳት ጥሏቸው አገኟቸው፣ ጎረቤት ጠሩ፣ ውኃ አጠጧቸው፣ እስከ ዓርብ ንጋት ድረስም አልተለዩአቸውም። አቶ ሀምዱ ዓይናቸውን ሲገልጡ በዚህ ሳምንት ከለማጆቹ ማን እንደቀረ ጠይቀዋቸው ነበር።

“ማንም አልቀረም፣ አባቴ” አሏቸው። “የቀሩት እርስዎ ነዎት።”

ማኅበሩ ለወይዘሮ ሳፊያ፣ ለልጆቻቸው፣ ለቢስቲማ ዘመዶቻቸውና ለለማጆቹ ሁሉ መጽናናትን ይመኛል፤ አላህ ይርሐማቸው፣ ነፍሳቸውን በገነት ያኑር። ከዛሬ ጀምሮ ለማጅም ሆነ አባል እስከ ቀትር ካልታየ በዚያው ቀን ከእኛ አንዱ ቤቱ እንዲሄድ ወስነናል። ወይዘሮ ሳፊያን ደግሞ በዚህ ወረቀት፣ በሕዝብ ፊት፣ ይቅርታ እንጠይቃለን፤ ከማኅበሩ ቤት እስከ እርሳቸው ደጅ ሦስት መቶ እርምጃ አይሞላም።

የደሴና የኮምቦልቻ ልብስ ሰፊዎች ማኅበር
ሰኞ ሚያዝያ 23 ቀን 1931 ዓ.ም.፣ ደሴ