ለደመወዝ የታረደው በግ

ሰኞ፣ የሚካኤል ዕለት

አልፈርምም አሉ። ጋሽ ደሴ፣ የዱቄት ፋብሪካችን ባለቤት፣ መልቀቂያዬን በሁለት ጣታቸው ወደ ጠረጴዛው ጠርዝ ገፉትና ሻያቸውን ጠጡ። የወር ማስጠንቀቂያ ሰጥቻለሁ። ወሩንም ሠርቼ ጨርሻለሁ። ሕጉን አንብቤዋለሁ። እሳቸው ግን «ሕግ ሌላ፣ ቤት ሌላ» ይላሉ።

ሰዉ ሁሉ ነጭ ለብሶ ሚካኤልን ሲሸኝ እኔ የዱቄት ወፍጮው ሥር ተጋድሜ የማሽከርከሪያውን ኩሽኔታ ስቀይር ዋልኩ። ስወጣ ከራስ ፀጉሬ እስከ ጫማዬ ዱቄት ነበርኩ። ነጭስ ለብሻለሁ።

ነገሩን ከሥሩ ልጻፈው፤ አለበለዚያ ንዴቱ ብቻ ይቀራል። ወረታ መግቢያ ላይ አዲስ የፓስታ ፋብሪካ ተከፍቷል። ማሽን የሚያውቅ ሰው አጥተው ደብረ ታቦር ድረስ እየመጡ ይለምናሉ። ባልደረባዬ አስማረ «ልሄድ ነው» ባለ ማግስት ጋሽ ደሴ ደመወዙን እጥፍ አደረጉለት። አስማረን የወፍጮውን ሮለር መፍታት ያስተማርኩት እኔ ነኝ። የኤሌክትሮ መካኒካል ዲግሪ ያለኝም እኔ ነኝ። ሄጄ ብጠይቅ ምን አሉ?

«አንቺማ ልጄ ነሽ። ልጅ አባቱን ደመወዝ ጨምር ይላል?»

«እንግዲያው ጋሼ፣ ውርሴን ያካፍሉኝ» አልኳቸው።

ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ማስጠንቀቂያዬን የጻፍኩት የዚያን ዕለት ነው።

ወረታዎቹ ከአስማረ የሚበልጥ ይከፍሉኛል። ግን ያለ መልቀቂያ አይቀጥሩም። እስከ ሳምንት ማክሰኞ እንጠብቅሻለን ብለዋል።

ማክሰኞ

እንደገና ሄድኩ። አልተቀመጥኩም፤ በሩ ላይ ቆሜ ጠየቅሁ።

«ከአባትሽ ጋር እንጨርሰዋለን» አሉ።

አባቴ ጉና ሥር ገብስና ድንች የሚያመርት ገበሬ ነው። ኩሽኔታ አይቶ አያውቅም። እኔ ደግሞ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። ማስታወሻዬ ላይ ዛሬ «እሳቸው» ማለቱን ትቼ «እሱ» ብዬ ልጽፍ ነበር፤ እጄ እንቢ አለኝ። አስተዳደጌ ይኸው ነው፣ ስናደድ እንኳ አንቱ እላለሁ።

ሻይ ቤት አስማረን አገኘሁት። «ትርንጎ፣ ምነው ብትተይው? ሴት ልጅ ወረታ ወርዳ፣ ብቻዋን ቤት ተከራይታ…»

«አንተ ልሂድ ስትል ባለሙያ ሆንክ። እኔ ልሂድ ስል ሴት ልጅ ሆንኩ?»

አንገቱን አከከ። «እሱስ እውነትሽን ነው» አለና ሻዩን ከፈለ። ከተጨመረለት ወዲህ ሲጋብዝ የመጀመሪያው ነው። እንደ ድል ቆጠርኩት።

ረቡዕ

የሚያስፈሩኝ፦

ወረታ ሌላ ሰው እንዳያገኝ።

ጋሽ ደሴ አባቴን እንዳያገኙት።

ጋሽ ደሴ ትንሽ እውነት እንዳይኖራቸው።

ሦስተኛውን ለመጻፍ ብዙ ቆየሁ። «ሴት መካኒክ?» እያለ ሁሉ በሩን ሲዘጋብኝ ቱታ የሰጡኝ እሳቸው ናቸው። አልክድም። ግን ሰው ውለታ የዋለለትን ስንት ዓመት በርካሽ ያገለግላል?

ሐሙስ

እማዬ ደወለች። ኔትዎርኩ ይቆራረጣል።

«ደብቀሽን ነው አይደል?»

«ምኑን?»

«እሑድ ሽማግሌ ይመጣል። መምሬ ካሳ ራሳቸው ነገሩን። የላኳቸው የፋብሪካው ጌታ ናቸው። አባትሽ በጉን ለይቶ አስሯል፤ ጠላውም ከጥምቀት የተረፈ አለ። ለልጃቸው ነው አይደል?»

«እማዬ፣ ሰውየው እኮ ወንድ ልጅ የላቸውም።»

«ለራሳቸው ነው?!» ብላ ጮኸች፤ ስልኩ ተቋረጠ። ብሞክር ብሞክር አልገባ አለኝ።

ገባኝ። መምሬ ካሳ የቤታችን የነፍስ አባት ናቸው። ጋሽ ደሴ ሽማግሌ የላኩት ለጋብቻ አይደለም፤ ከሥራ እንዳልለቅ አባቴን ሊያስለምኑት ነው። በጥር፣ በሰርጉ ወር፣ ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ ካለችበት ቤት ሽማግሌ ሲመጣ ማን ሌላ ነገር ያስባል?

መጀመሪያ ሳቅሁ። ቀጥሎ አለቀስኩ። ቀጥሎ የመፍቻ ቁልፎቼን ሁሉ በናፍጣ አጠብኳቸው። አባቴ በሽማግሌ ፊት አንዴ «እሺ» ካለ አለቀ። የአባትን ቃል ማጠፍ እርግማን ነው። እሱ አይሽረውም፤ እኔም አልሽረውም።

ቅዳሜ

መንገዱ ዛሬ ክፍት ነው ሲባል ተሳፈርኩ። ክምር ድንጋይ ወርጄ በእግሬ ወጣሁ። ጥላው ያልለቀቀው ቦታ ሁሉ አመዳይ ነው። ከቤታችን በታች ያለችው ጎረቤታችን ገና ከሩቅ ስታየኝ እልል አለች። «ሙሽሪት! ምነው ሳትቀቢ መጣሽ? እጅሽ ግራሶ ግራሶ ይላል!»

እማዬን ጓዳ አስገብቼ እውነቱን ነገርኳት። ቁጭ አለች። «ለሥራ? ሽማግሌ ለሥራ?» ከዚያ «ለአባትሽ እንዳትነግሪው» አለች። «ዛሬ ከሰማ ይቆጣና ነገ በሩን ይዘጋባቸዋል። መምሬን ማዋረድ ይሆናል። ከራሳቸው አፍ ይስማ።»

አባቴ ከአውድማ ሲመለስ ሳመኝ። እንደዚህ ደስ ብሎት ካየሁት ቆይቻለሁ። ራት አልበላ አለኝ።

እሑድ

ሦስት ነበሩ፤ መምሬ ካሳና ሁለት የደብረ ታቦር ሽማግሌዎች። እንደ ወጉ «ቁም ነገር ይዘናል፣ ሳንናገር አንቀመጥም» አሉ። አባቴም አዲሱን ጋቢውን ለብሶ፣ እንደ ወጉ፣ ምንም እንደማያውቅ ሰው ሆኖ «ተናገሩ» አለ።

«ልጅዎ ከጋሽ ደሴ ቤት እንዳትወጣ ልንለምን ነው» አሉ መምሬ።

«ገና መቼ ገባችና?» አለ አባቴ።

እማዬ ጓዳ ውስጥ ነጠላዋን አፏ ላይ ጠቀጠቀች። እየሳቀች ነው እያለቀሰች? እኔም አላወቅሁላትም።

ነገሩን አብራሩለት። በጉ ታርዷል። ጎረቤቱ ግቢ ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቃል። የአባቴ ፊት እየጠቆረ ሄደ፤ በእነሱ ይሁን በእኔ አልለየሁም። ወደ እኔ ዞረ።

«ልትለቂ ነው?»

«አዎ።»

«ሳትነግሪኝ?»

ዝም ብል እሺ ሊላቸው ነው። ከጓዳው በር ወደ መሀል ወጣሁ። «የእሳቸውን ሰምታችሁ መጥታችኋል። ሽማግሌ የሁለት ወገን ነው። የእኔንም ስሙ።»

አንደኛው የከተማ ሽማግሌ «ሴት ልጅ በሽማግሌ መሀል…» ሲሉ «አባቴ ይሙት፣ የመጣችሁት በእኔ ጉዳይ ነው እንጂ በበጉ አይደለም» አልኳቸው። መምሬ ፂማቸውን ያዝ አደረጉ፤ ሳቃቸውን እየደበቁ ይመስለኛል። ሁሉንም ነገርኳቸው፦ አስማረን፣ እጥፉን፣ «ልጄ ነሽ» የሚለውን።

አባቴ ወደ ነፍስ አባታችን ዞረ። «መምሬ፣ ዘንድሮ ገብሴን እንዴት አሳጨድኩት?»

«በውድ ነዋ! ከአጨዳው ወዲህ ሲያማርሩ ሰምቼዎት የለ?»

«አማርሬያለሁ። አጫጅ ጠፋ፤ ያገኘሁትም ‹እዚያ ማሳ ይበልጥ ይከፍላሉ› አለኝ። ምን አደረግሁ? ጨምሬ አስቀረሁት። አባቱ ዘንድ ሽማግሌ አልላክሁም።»

ጋቢውን ወደ ትከሻው መለሰ።

«ልጄን ከፈለጓት እንደ ወንዶቹ ይክፈሏት። ካልፈለጓት ወረቀቷን ይስጧት። ቃሌ ይኸው ነው። አሁን ተቀመጡና ብሉ፤ ወጡ ሊቀዘቅዝ ነው።»

በሉ። ጎረቤቱም በላ። እማዬ «በጉ ለደመወዝ ታረደ» እያለች አንዴ ትስቃለች፣ አንዴ ትተክዛለች። ሰርግ አምሯት ነበር።

አባቴ እስከ መንገዱ ሸኘኝ። «ሌላ ጊዜ ቀድመሽ ንገሪኝ» አለ። «በሰው ፊት ልጁን የማያውቅ አባት አታድርጊኝ።» ከበጉ ይልቅ ይህ ቆጨኝ።

ሰኞ፣ ገብርኤል

ጋሽ ደሴ ጠሩኝ። መልቀቂያው ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ተፈርሟል።

«ይኸው። ወይም የአስማረን ያህል ይሁንልሽና ቅሪ። አባትሽ ከባድ ሰው ናቸው።» ዐይናቸው ደክሟል። «ሁሉም ወደ ወረታ ከወረደ ይህን ወፍጮ ማን ያዞረዋል፣ ትርንጎ?»

አሳዘኑኝ። እውነት ነው፣ አሳዘኑኝ። «ጋሼ፣ ይህን የዛሬ ወር ቢሉኝ ኖሮ ንቅንቅ አልልም ነበር» አልኩና ወረቀቱን አነሳሁ። እጅ ነስቼ ስወጣ «ልጄ…» ብለው ጀመሩ። አልጨረሱትም። «ትርንጎ፣ በሰላም ግቢ» አሉ።

ስሜን ሲጠሩኝ ደስ ይላል። ምነው ቀደም ብለው በጠሩት።

ማክሰኞ፣ ወረታ

ቁልቁለቱ ላይ አስማረ ደወለ። «ሁለተኛው ሮለር ይጮኻል፣ ምን ልሁን?»

«በግራ በኩል ያለውን ኩሽኔታ ግራሶ አጠጣው። ካልተወው ለውጠው።»

«እሺ የኔ እመቤት። ሰማሽ? ጋሽ ደሴ ዛሬ ጠዋት ጆንያ ለሚሰፉት ሴቶችም ጨመሩ። ማንም ሳይጠይቃቸው! ‹የሌላዋ አባት ደግሞ ምን ይለኝ ይሆን› አሉ።»

ሚኒባሱ ውስጥ ብቻዬን ሳቅሁ። አጠገቤ ያሉት ሴትዮ ትንሽ ፈቀቅ አሉ።

እዚህ ሙቀት ነው። ማሽኖቹ አዲስ ናቸው፤ ድምፃቸውን ገና አላወቅሁትም። ቱታ ተሰጠኝ፣ ሰፊ ነው። ሥራ አስኪያጁ ወጣት ነው። ፈገግ ብሎ ጨበጠኝና «እንኳን ደህና መጣሽ። እዚህ ሁላችንም አንድ ቤተሰብ ነን» አለኝ።

ማታ እማዬ ጋ ደወልኩ። ስንት በግ እንደቀረ ጠየቅኋት።