ከተልባ አገዳ የወጣ ክር

አንኮበር፣ ሰኞ ታኅሣሥ ፭ ቀን ፲፰፻፸፱ ዓ.ም.

ሸተተ አሉኝ። ይሽተት እንጂ! ክር ሊወጣው ወንዝ ውስጥ የከረመ የተልባ አገዳ ምን ሊሆን ኖሯል? ከውኃ መቅጃው በታች፣ ከብት ከሚጠጣበትም ዝቅ ብዬ ነው የነከርኩት። የደብራችን አለቃ ይህንኑ ሰበብ አድርገው ዛሬ በሰው ፊት ጠርተው፣ «ደብተራ ሆነህ የሸማኔ ሥራ ትሠራለህ? ወይ ማኅሌቱን ወይ የሸማኔውን ጉድጓድ ምረጥ። ማኅሌት የማይቆም ሰው የደብር መሬት አያርስም» አሉኝ። መሬቱ ከሄደ እኔና ሚስቴ በላይነሽ ምን እንበላለን? ይህን እያወቁ ነው የተናገሩት።

የጥንት ካህናት የተልባ እግር ልብስ ይለብሱ ነበር እያልን ተማሪ እናስተምራለን። ፍሬውን ወቅጠን እንጠጣና አገዳውን እናነደዋለን። ልብሱ ከምን የተሠራ መስሏቸው ነው?

ማክሰኞ ፮

የመጀመሪያው ነዶ ከንቱ ሆነ። አብዝቼ ነክሬው በስብሷል፣ ስነካው ተበጣጠሰ። በንዴት በእርግጫ ብመታው ድንጋይ አገኘኝ። አውራ ጣቴ አብጧል።

ሁለተኛው ደህና ደርቋል። በዱላ ስቀጠቅጠው እንጨቱ ረገፈና ቃጫው ቀረ።

ረቡዕ ፯

በላይነሽ ቃጫውን እንደ ጥጥ ልትፈትለው ሞከረች፤ እየተፈታ አስቸገራት። ጣቷን በምራቋ አርሳ ብትይዘው እሺ አለ። ክሩን ልበጥሰው ጎተትኩ፣ እጄን ቆረጠኝ እንጂ አልተበጠሰም። ደስ አለኝ። ወዲያው አለቃ ትዝ አሉኝና ደስታዬ ጠፋ።

ሚስት ስትፈትል ባለሙያ ትባላለች። ያንኑ ክር የሚሸምነው ሰው ግን ቡዳ ነው ይባላል። ሸማውን የማይለብስ የለም።

ማክሰኞ ፲፫

ክሩን ይዤ አልዩ አምባ ወረድኩ። ሸማኔው ሁሴን በጥፍሩ ፈተሸው። «ወላሂ ጌታው፣ ይሄ ጥጥ አይደለም» አለ። ከተልባ ነው ስለው ሳቀብኝ፣ እየሳቀም ተቀበለኝ። ጉድጓዱ አፋፍ ተቀምጬ ሲሸምን ዋልኩ። ያየኝ ይየኝ።

እሑድ ፲፰

አለቃ ቁርጤን ሊሰሙ ቤቴ መጡ። ከሸማኔው ያመጣሁት ጨርቅ መደቡ ላይ ተዘርግቶ ነበር። ሊቀመጡ ሲሉ ዳሰሱት፤ ደግመው ዳሰሱት።

«የምጽዋ ዕቃ ነው?»

በላይነሽ ፈጠን ብላ፣ «አዎ አባቴ፣ ነጋዴ አመጣልን» አለች። በዓይኗ ዝም በሉ ትለኛለች። ለመሬቱ ፈርታ ነው።

«ለመቅደሱ መጋረጃ ይሆን ነበር» አሉ አለቃ። ደሜ ፈላ። «ሸተተ ያሉት አገዳ ነው። የሸመነውም ሁሴን ነው» አልኩ። ከአፌ ከወጣ በኋላ ፈራሁ።

ቀና ብለው አላዩኝም። እጃቸውን ግን ከጨርቁ አላነሱም። አጣጥፈው ይዘውት ወጡ፤ ለመቅደስ ይሁን ለእሳት አልነገሩኝም። ስለ መሬቱም አንድ ቃል አልተነፈሱም። በላይነሽ አኩርፋለች።

ዛሬ ማታ የገብርኤል ማኅሌት ነው። መቋሚያዬን ይዤ እሄዳለሁ። ከበር ከመለሱኝ ጨርቄን ይመልሱልኝ እላቸዋለሁ።