በአባቴ ላይ ያልኩት አሜን

ሐሙስ፣ ጥቅምት 10 ቀን 2015 ዓ.ም.

አባባ፣ ከምን እንደምጀምር አላውቅም። ሳልነግርዎት ብቀር ግን ህሊናዬ አያርፍም። እዚህ ውጭ አገር የእንግሊዝኛ ክፍሌ ሰው ሁሉ እርስዎ የሞቱ መስሎት ነበር። ያስመሰልኩትም እኔው ነኝ።

ይህን ከመዘርዘሬ በፊት ጤናዎን ልጠይቅ። ዓይንዎ ማሳከኩን ተወ? እማዬስ ወገቧን ተሻላት? እኔና አክስቴ ደህና ነን፤ ናፍቆታችሁ ብቻ ነው የሚያስቸግረን።

ባለፈው ሳምንት ሐሙስ የእንግሊዝኛ መምህሯ አባትሽ ምን ይሠራሉ ብላ ጠየቀችኝ። ተነስቼ ቆምኩ። ይሰፋሉ እንዳልል፣ ዓይንዎ ከደከመ ወዲህ የስፌት መኪናዎ እንደተሸፈነ ነው። ይሰፉ ነበር እንዳልል፣ ከእንግዲህ አይሰፉም ብዬ የፈረድኩ መሰለኝ። ሁሉም ሲያፈጥብኝ ጊዜ ይሰፉ ነበር ብዬ በኃላፊ ጊዜ መልሼ ቁጭ አልኩ።

 መምህሯ ትከሻዬን ዳበስ አደረገችኝ። አጠገቤ የምትቀመጠው ዳቦ ጋጋሪዋ የአገራችን ልጅ ደግሞ ጠጋ ብላ ነፍስ ይማር አለችኝ። እኔ ምን ብል ጥሩ ነው? አሜን! ከሐፍረቴ የተነሳ እውነቱን ሳልነግራት ቀረሁ።

ከዚያ በኋላ የዓይንዎ ቀዶ ጥገና ቀን በቀረበ ቁጥር በገዛ አፌ ያሟረትኩብዎት እየመሰለኝ እህል አልወርድ አለኝ። ያቺ ሴት ለማጽናናት በየቀኑ ዳቦ ስታመጣልኝ፣ እያፈርኩ እቀበላት ነበር። ለአክስቴ እንኳ አልተናገርኩም።

ዛሬ ጠዋት ወንድሜ ደወለ። ፋሻው ተፈትቶ መርፌው ውስጥ ራስዎ ክር እንዳስገቡ ነገረኝ። እልል ማለት አማረኝ፤ ግን አለቀስኩ። በዚያው ወደ ጋጋሪዋ ዳቦ ቤት ሮጬ አባቴ አልሞቱም አልኳት። ዱቄት በነካው እጇ አፏን ያዘችና፣ አንቺ ጉደኛ፣ ሰውዬውን በቁማቸው ቀብረሽ የእኔን ዳቦ ትበያለሽ ብላ በሳቅ ፈረሰች። ከላዬ ላይ ድንጋይ የተነሳ ያህል ቀለለኝ።

ሐኪሙ ገና ሦስት ሳምንት ይረፉ ብሏል አሉ። ይሁን፤ ያረፈ ልብስ ሰፊም ልብስ ሰፊ ነው።

እማዬን እቅፍ አድርገው ይሳሙልኝ። ወንድሜን ስለ ደወለልኝ ይመርቁልኝ። ትንሿን እህቴን መቀስዎን እንዳትነካ ይቆጧት።

ነገ ሳልጠየቅ እጄን አነሳለሁ። አባቴ ልብስ ይሰፋሉ ብዬ በእንግሊዝኛ እናገራለሁ። መምህሯ ምን ምን ይሰፋሉ ካለችኝም ኮቱንም፣ ሱሪውንም፣ የተማሪ ልብሱንም እነግራታለሁ። ድምፄ ቢንቀጠቀጥም ቶሎ አልቀመጥም።

ልጅዎ