በቅጠሉ ሁለት ገጽ መካከል

ጥቅምት ፫
ይድረስ ለሕሊናዬ፤ በዚህ መሥሪያ ቤት የሚገሥጸኝ ሌላ ሰው ስለሌለ። ዛሬም እንደ ወትሮው የነፍሳት ስብስብ ክፍሉን ከፍቼ መሳቢያዎቹን ጠረግሁ። አትክልተኛው የማርማላታ ጠርሙስ ይዞ ገባ። ውስጡ አንድ ቅጠል። «ጋሼ፣ እዚህ ቤት ተከራይ ገብቷል!» አለና ሳቀ። ከክር የቀጠነ እጭ ነው፤ በቅጠሉ ሁለት ገጽ መካከል እየበላ ነጭ መንገድ አብጅቷል። ከላይ ሲያዩት ቅጠሉ ደህና ነው። አንዲት ብርቅዬ የእሳት እራት ሠላሳ ዓመት ስፈልግ እንዲህ ያለ መንገድ አላየሁም። «ተራ ነገር ነው» አልሁት... ለምን?

ጥቅምት ፲፩
እጩ ከቅጠሉ ወጥቶ፣ ነጭ ድር ፈትሎ፣ ክንፍ እስኪያበቅል በውስጡ ተኝቶ ሙሽሬ ሆኗል። ኃላፊያችን ልታየው በየቀኑ ወደ አትክልት ቦታው ትወርዳለች። እኔ ክፍል የገባችው መቼ ነበር?

ጥቅምት ፳፬
ከድሩ ወጣች። የስንዴ ፍሬ የማታህል ግራጫ የእሳት እራት፤ በክንፏ ጫፍ ሦስት የብር ነጠብጣብ። ኃላፊዋ፦ «ተራዋ ናት ወይስ ብርቅዬዋ? እርስዎ ይፈርሙበት።» ሁለቱ በክንፍ አይለዩም፤ የሚለያቸው የመራቢያ አካላቸው ነው፤ በአጉሊ መነጽር ገልጦ ማየት ያሻል። እኔ ግን ነውር ነው ብዬ ዕድሜዬን ሙሉ በክንፍ ብቻ ስፈርድ ኖርሁ። ዛሬም ሳላይ «ተራ» ብዬ ፈረምሁ። አትክልተኛው ሽበታም ራሱን ደፋ። «ጋሼ ካሉ ነው» አለ።
ደስ አለኝ። ይህን መጻፍ እንዴት ያሳፍራል!

ጥቅምት ፳፮
አትክልተኛው በር ላይ ጎንበስ ብሎ ሰላም አለኝ። ምነው በሰደበኝ!

ጥቅምት ፳፯
በሩን ዘግቼ ገልጬ አየኋት። ብርቅዬዋ ናት።
ከዚያ የራሴን መሳቢያ ሳብሁ። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት በመርፌ ወግቼ፣ በገዛ እጄ «ተራ» ብዬ የጻፍሁባት አንዲት ነበረች። እርሷንም ገለጥሁ... ያችው ናት። ስፈልጋት የኖርሁት ክርኔ ሥር ተቀምጣ! የእኔ ትቀድማለች። ዝም ብዬ ጽሑፉን ብለውጠው ማን ያውቃል? ክብሩ የእኔ ይሆናል...

ጥቅምት ፳፰
አልለወጥሁም። ፊርማዬን በኃላፊዋ ፊት ሰረዝሁ። በመዝገቡ ላይ በአግኚው ቦታ የአትክልተኛውን ስም ጻፍሁ፤ ከሥሩም ያችን የመሳቢያዬን፣ «ሳትመረመር በስሕተት የተሰየመች» ብዬ። ከዚያ ወደ አትክልት ቦታው ወረድሁ፤ በሥራ ዘመኔ ለመጀመሪያ ጊዜ።
«ሳላያት ነው የፈረምሁት። ቀንቼብህ» አልሁት።
መኮትኮቻውን አስቀመጠ። እጁን በሱሪው ጠረገ።
«አይ ጋሼ! ታዲያ እኔ ያን ሁሉ ቀን ቁጭ ብዬ የጠበቅኋት ከእርስዎ ሌላ ለማን ላሳይ ብዬ ኖሯል?»